ያለ ጽሑፍ የሄዱ ፎቶግራፎች

ልጄ ሐርጌሳ ነበረች። ይህን ለሰው አልናገርም ነበር። የጠየቀኝን ሁሉ «ጅጅጋ ናት» እለዋለሁ። ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ መጀመሪያ የሄደችው ጅጅጋ ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ሆና ተቀጥራ። እዚያ አንድ ሶማሌ የከባድ መኪና ሾፌር አገባች። ዓመት ሳይሞላ ባሏ ወደ ዘመዶቹ ይዟት ተሻገረ። ያኔ መሻገር ለእነሱ ገበያ ደርሶ እንደመመለስ ነበር። ለበዓል እንመጣለን ብላ ላከች። በዓሉ ሳይደርስ ጦርነት መጣ፤ ድንበሩም ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም። ሬዲዮው ሲከፈትም ሲዘጋም ስለ ጠላት ነው የሚናገረው። ልጄ በጠላት አገር ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች ብዬ ለማን ልናገር? ለልደታ ማርያም ብቻ ነገርኳት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ በሕይወት ካለች አንድ ምልክት አሳዪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም እላታለሁ። ሌላ አልጠይቅሽም ማለቴ ግን እውነት አልነበረም። ለእናት አንድ ምልክት አይበቃትም።

ምልክቱ የመጣው በፎቶ አንሺ በኩል ነው።

ፎቶ ቤቱ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳው ላይ ሐይቅና አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ ተወጥሯል። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ አንድ ኮትና አንድ ከረባት ተሰቅለዋል፤ የሰፈሩ ወንድ ለቀበሌ መታወቂያ የሚነሳው በዚያ ኮት ነው። ቀጭኑም ወፍራሙም እሱን ለብሶ ይወጣል። ፎቶ አንሺው የወሎ ሰው ነው፣ ሙስሊም፣ ከታናሽ ወንድሜ ዕድሜ አይበልጥም። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሳይወድ ጠጋ ይላል።

አንድ ቀን የልጄን ጉርድ ፎቶ ይዤለት ሄድኩ። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ስስመው፣ ሳለቅስበት ፊቷ እየደበዘዘ ስለመጣ እንዲያባዛልኝ ሰጠሁት። ፊቷን አየና ገለበጠው። ጀርባው ላይ ያለውን የፎቶ ቤት ማኅተም ሲያይ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ይህን ማኅተም ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ከታላቅ ወንድሜ ጋር ጅጅጋ ላይ ፎቶ ቤት ነበረን። ያነሳት እሱ ነው። አሁን የት ናት?»

«ጅጅጋ።»

«ጅጅጋ ብትሆን ፎቶዋ እንዲህ በእንባ አይርስም ነበር።»

ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገና፣ «የእኔም ወንድም ‹ጅጅጋ› ነው» አለኝ። ወንድሙ ከጦርነቱ በፊት ሐርጌሳ ሄዶ አግብቶ፣ ፎቶ ቤት ከፍቶ፣ ድንበሩ ሲዘጋ እዚያው መቅረቱን ያን ዕለት ነገረኝ። እኔም የልጄን ነገርኩት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ቀን ነው አልበሙን ያሳየኝ። ከጨለማ ክፍሉ፣ ከፎቶ ወረቀት ካርቶኖች ሥር አወጣው። በግራው ገጽ የእኛ ሰው አለ፣ በቀኙ የእነሱ። በግራ አንዲት ሴት ልጇን እግሯ መሃል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራታለች፤ በቀኝም አንዲት ሴት እንዲሁ። በግራ ጫማ ሰፊ ክር በጥርሱ ይበጥሳል፤ በቀኝ ልብስ ሰፊ ክር በጥርሱ ይበጥሳል። በግራ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ያያል። በቀኝ ያለው ሽማግሌ ደግሞ እሱን የሚያየው ይመስላል። ወንድማማቾቹ የሚነጋገሩት እንዲህ ነበር። አንዱ ያነሳውን ይልካል፤ ሌላው በራሱ አገር እሱን የሚመስል ፈልጎ ይመልሳል።

ገና አልበሙ ውስጥ ያልገቡ ጥቂት ፎቶዎችን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «የትኛው የእኛ፣ የትኛው የእነሱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱን ሞከርኩ፣ ሁለቱን ሳትኩ። ሳቀ።

«ጦርነቱን የሚያነሳ ሞልቷል፣ ጋዜጣውም አለ። እኛ የምናነሳው ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚያደርገውን ነው። ነገ ድንበሩ ሲከፈት እንግዳ እንዳንሆን።»

ብዙ የተማረ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ። በየሳምንቱ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንሰማ ነበር። እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ግን እሱ ነው።

ፎቶዎቹ የሚሄዱት በጅቡቲ በኩል ነው። ባቡር ላይ የሚሠራ አንድ የሚያምነው ሰው ነበረው። ፎቶዎቹን የብርሃን መከላከያው ጥቁር ወረቀት ውስጥ ይጠቀልላቸውና፣ የፎቶ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ከቶ ያሽጋቸዋል። «የተበላሸ ወረቀት ነው፣ ለነጋዴው ይመለሳል» ይባላል። ፈታሽ ሲመጣ የባቡሩ ሰው፣ «ክፈተው፤ ብርሃን ከነካው ግን ይቃጠላል፣ ኋላ አንተው ትጠየቃለህ» ይለዋል። ማን ይከፍታል? ጅቡቲ ያለ ባለ ሱቅ ደግሞ ወደ ሐርጌሳ ያሻግረዋል። መልሱ በአዲስ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ይመጣል። ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። ፎቶው ጀርባ ላይ አንዲት ፊደል አይጻፍም። ስም የለም፣ ሰላምታ የለም። ቢያዝ ፎቶ ብቻ ነው፣ ሴት ልጅ ጸጉር ስትሠራ። ጽሑፍ ካለበት ግን ስለላ ይሆናል። ሌላው ሕግ ሰውን እንደተገኘ ማንሳት ነው። ተስተካከል፣ ሳቅ፣ ቀና በል የለም።

የሥራው አኳኋን ይገርመኝ ነበር። የሚያነሳው ሰው ቤት መጀመሪያ ባዶ እጁን ይመጣል፤ ውኃ ጠጥቶ፣ ስለ ልጆች ጠይቆ ይሄዳል። ሁለተኛ ሲመጣ ካሜራውን በማኅደሩ እንዳለ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቀመጣል። በሦስተኛው ሰውየው ካሜራውን ረስቶታል። እሱም መቼ እንዳነሳ አይታወቅም። ፊልም በሚጠፋበት በዚያ ዘመን አንድ ሰው ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይተኩስም። ከፍሎ የሚነሳው ሰው ኮቱን ለብሶ አውሮፕላኑ ፊት ይቆማል፤ እንጀራው ከዚያ ነው። አልበሙን የሚሠራው ግን ከራሱ ጉሮሮ ቀንሶ ነበር።

ወንድሙ ልጄን ፈልጎ አገኛት። እንዴት እንዳገኛት እስከ ዛሬ አላውቅም። የጉርዷን ፎቶ ቅጂ ልከንለት ነበር፤ አራት ወር ቆይቶ መልሱ መጣ። ልጄ ገመድ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ሆዷ ገፍቷል። ፎቶ አንሺው ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ፣ አልቅሼ ጨርሼ እስክጠራው ድረስ ሳይዞር ቆየ። ስለዚህም አመሰግነዋለሁ።

የሚቀጥለው ሲመጣ አንዲት ሕፃን ጡት ይዛ ነበር። ከዚያም ያችው ሕፃን ታዝላ፣ አንድ እግሯ ከአንቀልባው ወጥቶ። ከእኛ በኩል በፎቶ የምሄደው እኔ ነኝ። አንዴ ውኃ ስቀዳ፣ አንዴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስመለስ። ባለቤቴ ግን አልነሳም አለ። የመንግሥት መጋዘን ጸሐፊ ነበር። ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ አለባቸው፤ እዚያ የጎረቤት ነገር ሳይቀር ይነሳል።

«አንቺ የቤት እመቤት ነሽ፣ ማን ያውቅሻል» አለኝ። «የእኔ ፊት መጋዘን ደጃፍ ላይ ተለጥፏል። እዚያ አገር አንዱ እጅ ላይ ቢገኝ ምን እላለሁ?»

አልፈረድኩበትም። ፎቶዎቹ ሲመጡ ግን ከእኔ ቀድሞ መነጽሩን የሚፈልገው እሱ ነበር።

እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል ሄደ። ከዚያ ያ ፎቶ መጣ።

ልጄ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሴቶች ከበዋታል። ነጠላዋን ዘቅዝቃዋለች። የእኛ ሰው ያውቀዋል፤ ደኅና ስንሆን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሐዘን ሲሆን ተገልብጦ ወደ ላይ አንገት ላይ ይውላል። የልጄ ጥለት አንገቷ ላይ ነው። ዓይኗ አብጧል። እጆቿ ጭኗ ላይ ባዶአቸውን ናቸው። ሕፃኗ ጭኗ ላይ የለችም፣ ጀርባዋም ላይ የለችም። ፎቶው ውስጥ የትም የለችም።

የልጅ ልጄ ሞታለች አልኩ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ሁለት ሰው ከሚታመም አንድ ይበቃል ብዬ። ፎቶ አልመጣም አልኩት። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ ጎረቤት ሰምቶ ማን ሞተብሽ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ሽንኩርት ስከትፍ ብቻ አለቅሳለሁ። ባለቤቴ፣ «በዚህ ሰሞን ወጡ ሽንኩርት በዛበት» አለኝ። እግዚአብሔርን አላማረርኩም። ግን ጸሎት ስጀምር መጨረስ አቃተኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ሕፃኗ የታዘለችበትን ፎቶ አተልቆ እንዲያባዛልኝ ነበር፤ ለመታሰቢያ። ምክንያቱን ስነግረው ደነገጠ፤ እሱ ልጄ የጎረቤት ለቅሶ ላይ የተቀመጠች መስሎት ነበር። የመጨረሻውን ፎቶ ገና አልበሙ ውስጥ አልለጠፈውም ነበር። አልበሙን ገልጦ ያለፈው ጊዜ ከእኛ የሄደውን ፎቶ ቅጂ በግራ አገኘ፤ የልጄን በቀኝ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ አየ። እንደገና አየ።

«እትዬ» አለኝ፣ «ቀድመው ያዘኑት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ማን ሞቶብኝ?»

«ነጠላዎን ይዩት።»

አየሁት። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሰፌድ ላይ ምስር እለቅማለሁ። ነጠላዬ ተዘቅዝቋል፣ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። ቀኑን አስታወስኩ። ከዕድራችን አንዲት አሮጊት አርፈው ከቀብር መመለሴ ነበር። ደክሞኝ ነጠላዬን ሳልገለብጥ ቁጭ አልኩ። ፎቶ አንሺው ደረሰና እንደተገኘሁ አነሳኝ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ። «እናቴ ወሎ ውስጥ ስንት ጊዜ ዘቅዝቃ አይቻታለሁ! እኔ እጅዎን ነበር የማየው። ብርሃኑ ምስሩ ላይ አርፎ ነበር፤ ከእጅዎ በላይ አላየሁም።»

«የእኔ ነው እንጂ ያንተ አይደለም» አልኩት።

ያን ጊዜ ነገሩ በየተራ ተገለጠልን። ልጄ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የአባቷን ፊት አላየችም። እናቷ ብቻ ናት የምትመጣላት። ቀጥሎ እናቷ ሐዘን ለብሳ መጣች። ምን ትበል? አባቴ ሞተ አለች። ለቅሶ ተቀመጠች። የፎቶ አንሺው ወንድምም ገብቶ እንደተገኘች አነሳትና ላከልን።

«ወይም» አለ ፎቶ አንሺው። ወይም ያለውን አልጨረሰውም። ሁለታችንም ባዶውን ጭኗን እናይ ነበር። ለቅሶ ቤት ሕፃን ጎረቤት ይይዘዋል። ወይም ሕፃኗ የለችም። ፎቶው ሁለቱንም ይላል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሁለቱንም ፎቶዎች ከሞሰቡ አጠገብ አኖርኩለት። መነጽሩን አድርጎ አንዱን ከሌላው ጋር አስተያየ።

«ሞቻለሁ በለኛ!» አለ።

«አትቀልድ።»

«ተዝካሬን አውጥታ ይሆን? ጠላው ቀጭን ከሆነ አልምራትም።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «ልጄ ቀብራኝ ተቀምጣ እኔ እዚህ እራት እበላለሁ። ፎቶ አንሺው ያንሳኝ።»

«ሥራህስ?»

«የሞተ ሰው ከሥራ አይባረርም።»

ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ቀን አክብሬው አላውቅም። ፈሪ አልነበረም፤ የሚፈራውን ግን ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው የተነሳው።

ያስቸገረን ሌላ ነው። ባለቤቴ ዛሬ በሕይወት እንዳለ ፎቶ በምን ይናገራል? ዝም ብሎ ቢቆም፣ ልጄ ሳይሞት የተነሳው ነው ልትል ትችላለች። ቀን መጻፍ አይቻልም። ፎቶ አንሺው ይህን ሁለት ቀን ሲያስብበት ከረመ። በሦስተኛው ደስ እያለው መጣ።

«ጋሼ የእሷን የለቅሶ ፎቶ ይዘው ይነሱ» አለ። «ሞተው ቢሆን እሷ ስታለቅስላቸው የተነሳችውን ፎቶ እንዴት ይይዛሉ?»

ይህን የመሰለ ሐሳብ የተገኘው ከአንድ ፎቶ አንሺ ጭንቅላት ነው። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

የተነሳነው የግንቦት ልደታ ዕለት ነው፣ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ በሚበላበት ቀን። ማንም ፎቶ ቢያነሳ አያስጠረጥርም። ባለቤቴ የበዓል ልብሱን ለበሰ፤ የፎቶ ቤቱን ኮት አልፈልግም አለ፣ «በሕይወት ያለ ሰው የራሱን ይለብሳል» ብሎ። እኔ ነጠላዬን ሦስት ጊዜ አየሁት። ጥለቱ ታች ነው። ከግቢያችን አጥር ሥር ቆምን። ባለቤቴ የልጃችንን ፎቶ ደረቱ ላይ ያዘ።

ሰውን ተስተካከል ብሎ የማያውቀው ፎቶ አንሺ ያን ቀን ሕጉን ጣሰ። «ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ጣትዎ ፊቷን ሸፈነው። እንዲያ!»

ይኼን ጊዜ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ንፍሮ በሳህን ይዛ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ምንድነው፣ ዳግመኛ ሙሽራ ሆናችሁ እንዴ?» አለች። ከዚያ ፎቶውን አየችው። «ማን ናት?»

«ልጄ ናት፣ ጅጅጋ ያለችው» አለ ባለቤቴ።

«ውይ፣ ሐዘን ላይ ናት መሰል።»

«አዎ። ሰው ሞቶባት።»

«እግዜር ያጽናት። የቅርብ ሰው ነው?»

«በጣም የቅርብ» አለ ባለቤቴ፣ ፊቱን ሳይለውጥ። ፎቶ አንሺው ካሜራው ጀርባ ተደብቆ ሳቁን ያፍን ነበር። ሴትየዋ ንፍሮውን ሰጥታን ሄደች። ደግ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ደግነቷንም ፈራሁት።

ካርቶኑ ሄደ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። ዝናቡ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ገብቶ መጋረጃው ላይ ያለውን አውሮፕላን አበላሸው። ፎቶ አንሺው ሲያገኘኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ አልመጣም ማለት ነው። የፍልሰታን ጾም ያዝኩ። ኪዳን አላስታጎልኩም። እመቤቴን ስለምናት የልጅ ልጄን ስም አላውቀውም ነበር፤ ጀርባው ላይ አልተጻፈም። «ያቺን ሕፃን» እያልኩ ነው የለመንኳት።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰው ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የሚያነሳው ያ ትዕግሥተኛ ሰው እየሮጠ መጣ። ሰላምታም አልሰጠኝ። ጃኬቱ ዝናብ ጠግቧል፣ ፎቶው ግን ከሸሚዙ ሥር ደረቅ ነበር።

ልጄ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋ ጥለት ወደ ታች ወርዷል። ከኋላዋ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፣ ባሏ መሆን አለበት፤ ፊቱን ያየሁት ያኔ ነው፣ ደግ ፊት አለው። ጭኗ ላይ ሕፃኗ ተቀምጣለች። አድጋለች። እኛ የላክነውን ፎቶ በሁለት እጇ ይዛ ጠርዙን አፏ ውስጥ ከትታዋለች። ልጄ ልታስጥላት እጇን ዘርግታ፣ መሃል ላይ ሳቋ መጥቶባት ቀርታለች።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት። መነጽሩን እስኪያገኝ አልታገሥ ብዬ ነገርኩት፤ «ሕፃኗ በሕይወት አለች፤ ሁለቱም አሉ» አልኩት። ፎቶውን ወስዶ ወደ ብርሃኑ ወጣ። ሕፃኗ የምታኝከው የፎቶው ጠርዝ የእሱ ራስ ያለበት ነው።

«አየሽ ጉድ!» አለ። «እናቷ ቀበረችኝ፣ እሷ ደግሞ በላችኝ!» እየሳቀ ዞረና ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ያለ ሽንኩርት።

ፎቶ አንሺው ሁለቱን አልበሙ ውስጥ ጎን ለጎን ለጠፋቸው። ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ነገር ተቀብያለሁ፤ እንደ እሱ የሰጠኝ የለም። እግዚአብሔር ባለበት ይጠብቀው፤ ወንድሙንም።

ከዚያ ወዲህ ለባለቤቴ መድኃኒት አልተገኘም። ካሜራ ባየ ቁጥር የበዓል ልብሱን ለብሶ ይቀመጣል። ፎቶ አንሺው አንዳንዴ፣ «ጋሼ፣ ፊልም እየጠፋ ነው፤ የዛሬው እትዬን ብቻ ነው» ይለዋል።

«እና ደግሞ ልሙት?» ይለዋል ባለቤቴ፤ ከአጠገቤም አይነሳም።